የሃያ ሦስት ሕፃናት ውፍረትና የአንድ እርጥብ ደበሎ ክብደት

ዓርብ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ
የጠዋት ቆጠራ፦ ደረቅ የበግ ቆዳ አርባ አንድ፣ የፍየል ሃምሳ ሰባት (ሁለቱ በቢላዋ የተበሱ)፣ ነጭ ማር በጀሪካን ሦስት፣ ሚዛን አንድ። ዝናቡ እስከ ረፋድ አላባራም።

ለሕፃናት ውፍረት መከላከያ ምርምር ቅድሚያ አውጪ ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ባሉበት

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ሆኑ የተከበሩት የኮሚቴው አባላት በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይም ነሐሴ 9 ቀን የሕፃናቱን ምዘና ለመጎብኘት ወደ ጋዝጊብላ በመጡ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ አንድ እግርዎን ከመኪናው አውርደው ለጥቂት ደቂቃ ጭቃውን ስለረገጡ፣ ያ እግርዎ ብርድ እንዳልመታው ከልብ እመኛለሁ። ሁለተኛው እግርዎ ከመኪናው ስላልወረደ ስለ እርሱ አልሰጋሁም።

ከላይ የሰፈረው ቀንና ቆጠራ ግር እንዳይልዎት፦ እኔ ቆዳና ማር እየገዛሁ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ስይዝ እያንዳንዱን ገጽ በዚሁ እጀምራለሁ። ይህም ደብዳቤ ከዚያው ማስታወሻ የወጣ ነው። አንዱ ግልባጭ በገበያው በር ባለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ አንዱ ለጋዜጣ ይላካል፤ ዋናው ግን ለእርስዎ ነው፤ ምክንያቱም በመጪው ሰኞ፣ ጳጉሜን 5 ቀን፣ ኮሚቴዎ በእርስዎ ሰብሳቢነት ተቀምጦ የጋዝጊብላዋን ቀበሌ ሕፃናት ከአልሚ ዱቄት ዝርዝር ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚሰርዝ ሰምቻለሁ። የሚሰረዙበት ምክንያት ከተመዘኑት አርባ ሕፃናት መካከል ሃያ ሦስቱ ከልክ በላይ ወፍራም ሆነው በመገኘታቸው ነው ተብሏል። የተመዘኑት በእኔ ሚዛን ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ አይቻለሁና።

፩ኛ፦ በመጀመሪያ ስለ ሚዛኑ ላመሰግንዎት እወዳለሁ። የኮሚቴው የራሱ ሚዛን ከአህያ ጀርባ ወድቆ በመሰበሩ፣ የጥናቱ አስተባባሪ አቶ አንዷለም ሱቄ ድረስ መጥተው ቆዳ የምመዝንበትን ባለ መንጠቆ ሚዛን ጠየቁኝ። እኔ ሚዛኔን ያለ እኔ አላውስም፤ ስለዚህ አብሬ ሄድኩ። በቦታው ስንደርስ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ፈትሼ፣ «ሚዛኑ ትክክል ነው» በሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ። ዛሬም ትክክል ነው። ነገር ግን ክቡርነትዎ በደግነት እንዲያስተውሉልኝ የምለምነው፣ እኔ የፈረምኩት ለሚዛኑ እንጂ በሚዛኑ ላይ ለተንጠለጠለው ነገር አለመሆኑን ነው። በኮሚቴው ሪፖርት ላይ ግን ስሜ «ውጤቱን ካረጋገጡ የማኅበረሰቡ አባላት» ተርታ ተጽፎ አገኘሁት። ሳልጠይቅ ለተሰጠኝ ሹመት ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ፦ በእኛ ደጋ እናት ልጇን በማታውቃቸው ሰዎች ፊት አትገልጥም። የሰው ዓይን ይፈራል። በዚያ ላይ ዕለቱ የክረምት ዝናብና ብርድ ስለነበር፣ አርባዎቹም ሕፃናት የመጡት ደበሎ ለብሰው ነው። ክቡርነትዎ በሚኖሩበት ከተማ ላይኖር ስለሚችል፣ ደበሎ ማለት ጠጉሩ ያልተላጨ የበግ ቆዳ ልብስ ነው። የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ምሕረት ይህን ጠንቅቃ ስለምታውቅ፣ ሁልጊዜ ልጁን ከነደበሎው ትመዝንና እናቲቱን ጓዳ አስገብታ ደበሎውን ብቻ አስወልቃ ታስመጣለች፤ ደበሎውን ለብቻው አንጠልጥላ ከመጀመሪያው ትቀንሳለች። ይህን ዘዴ ትምህርት ቤት ተምራው እንደሆነ አላውቅም፤ በገበያችን ግን እህል ከነጆንያው ተመዝኖ የጆንያው ክብደት እንደሚቀነስ የማያውቅ ሰው የለም፣ የማይቀንስ ነጋዴም ከሁለት ገበያ በላይ አይቆይም።

በዚያ ቀን አንድም ደበሎ አልተቀነሰም። ሲስተር ምሕረት ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ ለሁለተኛው መልስ ይሆን ዘንድ ጃንጥላ እንድትይዝ ተደረገ። እኔም ለአቶ አንዷለም «ከነልብሱ የተመዘነ ልጅ ክብደት የልጁ ብቻ አይደለም» ስላቸው፣ በትሕትና ፈገግ ብለው «አቶ ቅጣው፣ ይሄ እኮ የቆዳ ንግድ አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። የቆዳ ንግድ ቢሆን ኖሮ ይህ ስሕተት አይፈጸምም ነበር።

፫ኛ፦ ከሃያ ሦስቱ ወፍራሞች መካከል አንዷን በስም ላስተዋውቅዎት። ታይቱ ወንዳወቅ ትባላለች፤ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ሰማንያ ስምንት ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተመዝግቧል። አባቷ ለሥራ ባሕር ከተሻገረ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ እስካሁን ደብዳቤም ሰላምታም አልመጣም፤ ትቶት የሄደው ደበሎውን ነው። እናቷ ባንቺ ልጅቱን የምታለብሳት ይህንኑ የትልቅ ሰው ደበሎ በሁለት ዙር ጠቅልላ ነው። ነሐሴ 9 ቀን ታይቱ በሚዛኔ ላይ ስትንጠለጠል ዐሥራ አምስት ኪሎ ከግማሽ ተብሎ ሲነገር በጆሮዬ ሰማሁ፤ መዝጋቢውም ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «ከልክ በላይ» ብሎ ጻፈ። ባንቺ ምን እንደተጻፈ ጠይቃ ሲነግሯት፣ «ይቺ? ልጄን ነው ወይስ ባሌን ነው የመዘናችሁት?» አለች። የሳቀ አልነበረም፣ ከእኔ በቀር። አሁን ሳስበው ከኮሚቴው ሪፖርት ሁሉ ይበልጥ ትክክል የሆነው አባባል የእርሷ ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 15፣ የዱቄቱ እደላ «ጥናቱ እስኪጠናቀቅ ለጊዜው» እንዲቆም የሚል ደብዳቤ ለቀበሌዋ ደረሰ። ነሐሴ 18 ባንቺ ልጅቱን አዝላ ሰቆጣ መጣች። ባለቤቴ አምሳለ ጓዳ አስገብታ ታይቱን ደበሎዋን አስወለቀቻት፤ በነጠላ አንጠልጥለን መዘንናት፤ የነጠላውንም ቀነስን፤ ዐሥር ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነች። ደበሎው በደረቁ ሦስት ኪሎ መዘነ። ከዚያ እኔ ሥራዬን ስለማውቅ ደበሎውን በረንዳው ጠርዝ ላይ አውጥቼ፣ በምዘናው ዕለት ዶፉ በወረደበት ጊዜ ያህል በዝናብ አስመታሁትና እንደገና ሰቀልኩት፤ አምስት ኪሎ ከመቶ ግራም መዘነ። ዐሥር ከአራት መቶና አምስት ከመቶ ሲደመር ስንት እንደሚሆን፣ ከእኔ ይልቅ ብዙ የተማሩት የኮሚቴዎ አባላት ያሰሉታል ብዬ አምናለሁ።

ትናንት፣ ጳጉሜን 1 ቀን፣ እንደገና መዘንናት። ዘጠኝ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ሆናለች። ግማሽ ኪሎ በሁለት ሳምንት። ውፍረትን በመከላከል ረገድ ኮሚቴዎ ያስመዘገበውን ይህን ፈጣን ውጤት በሪፖርታችሁ ላይ አለማየቴ ገርሞኛል።

፬ኛ፦ ሰውን በክፉ ማየት አልወድም፤ ነገር ግን እንጀራዬ የሚገኘው ከመጠርጠር ነው። ቆዳ ሲመጣልኝ በጠጉሩ በኩል አላየውም፤ ገልብጬ ነው የማየው። ኮሚቴዎ ነሐሴ 24 ቀን በሰቆጣ ባደረገው ዐውደ ጥናት ላይ «የንግዱ ማኅበረሰብ ተወካይ» ተብዬ በክብር በተጋበዝኩ ጊዜም፣ የተሰጠኝን ወረቀት እንደልማዴ ገለበጥኩት።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ሥርዓቱን ልንገር። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ዐሥራ አራት የምርምር ጥያቄዎች በትልልቅ ወረቀት ተለጥፈው ነበር። እኛ ዐሥራ ስምንት ተሳታፊዎች እያንዳንዳችን ሦስት ሦስት ክብ ቀይ ተለጣፊ ተሰጠን፤ «በቅድሚያ መጠናት አለበት» ከምንለው ጥያቄ ሥር እንድንለጥፍ ነው። ብዙ ተለጣፊ ያገኘው አንደኛ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ተቆጠረና «በጋዝጊብላ ሕፃናት ላይ የታየው ውፍረት መንስኤው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አንደኛ ወጣ፤ ተጨበጨበ።

እኔ የገለበጥኩት ወረቀት ግን የእነዚሁ ዐሥራ አራት ጥያቄዎች ዝርዝር ነበር፤ ይኸው ጥያቄ በላዩ ላይ ተራ ቁጥር አንድ ሆኖ ታትሟል፤ ከጀርባው በታች በኩል በደቃቅ ፊደል የታተመበት ቀን ሰፍሯል፤ ሐምሌ 20። ምዘናው የተካሄደው ነሐሴ 9 ነው። ማለትም የጋዝጊብላ ሕፃናት ገና ከቤታቸው ሳይወጡ፣ ሚዛኑም ከአህያ ሳይወድቅ፣ ደበሎውም ሳይርስ፣ የሕፃናቱ ውፍረት በኮሚቴዎ ዘንድ ታይቶ፣ ታውቆ፣ ታትሞም ነበር። ጆንያ ሳይፈታ ውስጡ ያለውን እህል የሚናገር ገዢ በገበያችን ሲመጣ፣ እኛ ስለ እውቀቱ ከማድነቃችን በፊት በጆንያው ውስጥ ያለውን ማን እንደነገረው እንጠይቃለን። ወፍራም ልጅ ካልተገኘ ኮሚቴውም እንደማያስፈልግ፣ ኮሚቴው ካላስፈለገም ሰብሳቢ እንደማያስፈልግ የሚያወሩ ክፉ ሰዎች ሰቆጣ ውስጥ አሉ፤ እኔ ከነሱ አይደለሁም፤ ሲያወሩ ግን አዳምጣለሁ።

፭ኛ፦ ሦስቱን ተለጣፊዎቼን የት እንዳደረግኋቸው። ግድግዳው ላይ ባዶ ወረቀት ነበር፤ ዐሥራ አምስተኛ ጥያቄ ጻፍኩበት፤ «ሕፃኑ ከልብሱ ውጭ ስንት ይመዝናል?» የሚል። ሦስቱንም እዚያ ለጠፍኩ። ሲስተር ምሕረትም ሦስቷን እዚያው ለጠፈች። በሪፖርቱ ላይ ስድስቱ «የተበላሸ ድምፅ» ተብለዋል።

፮ኛ፦ በመጨረሻ ስለተሰጠን የትምህርት ጽሑፍ። ለእናቶች የታደለው በራሪ ወረቀት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በመኪና እንዳይመላለሱ፣ ቴሌቪዥን ፊት ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡና ለስላሳ መጠጥ እንዳያዘወትሩ ይመክራል። የቀበሌዋ ነዋሪዎች ምክሩን በሙሉ ልብ ተቀብለው፣ ከታደለበት ቀን ጀምሮ አንድም ሰው ሳያጓድል እየፈጸሙት መሆኑን ሳበስርዎት በደስታ ነው። ይህን የሚያህል ታዛዥ ሕዝብ በየትም ወረዳ አያገኙም። ውሃ ለመቅዳት ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሚሄደው ልጅ እንቅስቃሴው በቂ ስለመሆኑ ግን በራሪው ስለማይናገር፣ እናቶቹ በጥርጣሬ ውስጥ ናቸው።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ከመጨረሴ በፊት ያለ ፌዝ አንድ ነገር ልበል። የልጅ ውፍረት በሽታ አይደለም አላልኩም። ለጭነት ትላልቅ ከተሞች ስሄድ አይቻለሁ፤ ደረጃ ወጥቶ ትንፋሽ የሚያጥረው የሰባት ዓመት ልጅ የወዳጄ ልጅ ነው፤ አባቱም ሲጨነቅ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ሱቄ ደጃፍ ላይ ብስኩትና ከረሜላ ማስቀመጥ ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ መንገዱ ሲሠራም ይበዛል፤ አንድ ቀን እኛም ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ምርምሩ ይደረግ፤ ቅድሚያም ይውጣለት። የብስኩቱ ጣሳ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚገዛው፣ በምን ምግብ ፈንታ እንደሚበላ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ተመራማሪ ካለ፣ ማስታወሻዬን ከፍቼ የአራት ዓመቱን አሳየዋለሁ። ግን እስካሁን የመጣ የለም። የመጡት ሚዛኔን ፈልገው ነው፤ ሚዛኑ የነገራቸውን ግን ያደመጠ የለም።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰኞ ከመፈረምዎ በፊት ሃያ ሦስቱ ሕፃናት ያለ ደበሎ ይመዘኑ። ወፍራም ከሆኑ እኔ ራሴ በገበያው መሐል ቆሜ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ካልሆኑ ግን ዱቄቱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም እርስዎ ዘንድ ነው። ባንቺ ትናንት ከመሄዷ በፊት፣ «አያ ቅጣው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ወፍራሟ ልጅሽ እንዴት አደረች እያለ ይቀልድብኛል» አለችኝ። ምን እንደምትመልስላቸው ጠየቅኋት። «በኮሚቴው መዝገብ ላይ ወፍራለች፣ ቤቴ ግን አልመጣችም እላቸዋለሁ» አለች። ስትወጣ ልጅቱ በጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር፤ ከደበሎው የሚታየው ግንባሯ ብቻ ነው።

የእርስዎንና የኮሚቴዎን ጤንነት፣ የጃንጥላዎን ጥንካሬ፣ የመኪናዎን ጎማም ደህንነት እየተመኘሁ፣ ሳይታዩ የሚታወቁ ልጆችን የማየት ልዩ ተሰጥኦዎ እንዳይለይዎት እየጸለይኩ፣ ሳላውቀው የውጤቱ አረጋጋጭ የሆንኩት፣ ለሚዛኑ ብቻ የፈረምኩት፣ አክባሪዎ

ቅጣው ገብረ ጻድቅ
የቆዳና የማር ነጋዴ፣ ሰቆጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ትብብሬ በመስታወትና በእንጨት ክፈፍ አስውበው የላኩልኝ የምስጋና የምስክር ወረቀት ደርሶኛል። እንደልማዴ መዘንኩት። ከነክፈፉ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ነው። ክፈፉን አውልቄ ወረቀቱን ብቻ ስሰቅለው የሚዛኑ ቀስት ከዜሮ አልተነቃነቀም። በእናንተ አቆጣጠር የትኛው እንደሚመዘገብ ስላላወቅሁ፣ ሁለቱንም ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

የነገ ሥራ፦ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል። በዚህ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ስለሆነ እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው አስወልቀው ደጅ ያወጣሉ፤ ደበሎው ሁሉ አጥር ላይ ይሰቀላል። ጎህ ሲቀድ ሚዛኑን በአህያ ጭኖ ወደ ጋዝጊብላ መነሳት፤ መንገዱ አራት ሰዓት ነው። ሲስተር ምሕረት መዝገቧን ይዛ ትመጣለች። አንድ ንጹሕ ነጠላ መያዝ፤ የነጠላውን ክብደት መቀነስ።